እስቲ አንድ ፊልም ጠቁመኝ

‹‹እስቲ አንድ ጥሩ ፊልም ጠቁመኝ›› የሚለኝ ሰው ሲያጋጥመኝ ቶሎ አልመልስለትም። መጀመሪያ ‹‹ከማን ጋር ነው የምታየው?›› እለዋለሁ። ቀጥዬ ‹‹ሰሞኑን እንዴት ነህ?›› እለዋለሁ። አንዳንዱ ይገርመዋል። ‹‹ፊልም ጠቁመኝ አልኩህ እንጂ መድኃኒት እዘዝልኝ አልኩህ እንዴ!›› ያለኝም አለ። ለእኔ ግን ሁለቱ ብዙም አይራራቁም። ሆዱን ለሚቆርጠው ሰው የራስ ምታት ኪኒን እንደማይሰጠው ሁሉ፣ ከሥራ ተቀንሶ ቤቱ ለተቀመጠ ሰውም በመርከብ ስለሚዝናኑ ሀብታሞች የሚያወራ ፊልም አይታዘዝለትም።

ድሮ፣ የቪዲዮ ካሴት ማከራያ ቤቶች በየሰፈሩ በነበሩበት ዘመን፣ ምርጫው ቀላል ነበር። መደርደሪያው ራሱ ይመርጥልን ነበር። አክሽኑ በአንድ ወገን፣ የፍቅሩ በአንድ ወገን፣ የሚያስፈራው ከላይ፣ የህንዱ ለብቻው። ‹‹አዲስ ምን ገባ?›› ብሎ ጠይቆ፣ ልጁ ያቀበለንን በብብት ሸጉጦ መሄድ ነው። ዛሬ ካሴቱም የለም፣ ማከራያውም የለም። የዓለም ፊልም በእጅ ስልክ ውስጥ ታጭቋል። ሰው ግን አሁንም ‹‹የማየው ፊልም አጣሁ›› ይላል። እውነቱን ነው። የጠፋው ፊልሙ ሳይሆን ‹‹ይሄ ለአንተ ይሆንሃል›› የሚል ሰው ነው።

እኔ የምጠቁማቸው አብዛኞቹ ከሆሊውድ ውጭ የተሠሩ ናቸው። አሜሪካኖችን ጠልቼ አይደለም። ‹‹ሌላው ያላየውን እኔ አይቻለሁ›› ለማለትም አይደለም። ነገሩ ወዲህ ነው። ሩቅ አገር ተሠርተው የእኛን ሰፈር የሚያሳዩ ፊልሞች አሉ። አጠገባችን ስላለ ማየት ያቆምነው ሰው፣ በባዕድ ቋንቋ ሲናገር ድንገት ይታየናል። ለዛሬ አምስቱን ልንገራችሁ። ዓመቶቹን የምጠራው እንደ ፈረንጆቹ ነው። መጨረሻቸውንም እነግራችኋለሁና እንዳትቀየሙኝ፤ መጨረሻቸው ሲታወቅ የሚበላሹ ፊልሞች አይደሉም።

የመጀመሪያው የኢራን ነው። ማጂድ ማጂዲ በ1997 የሠራው ይህ ፊልም ‹‹ቺልድረን ኦፍ ሄቨን›› በሚለው የእንግሊዝኛ ስሙ ይታወቃል። ለኦስካር የታጨ የመጀመሪያው የኢራን ፊልም ነው። አሊ የሚባል የደሃ ቤት ልጅ የታናሽ እህቱን ጫማ አሰፍቶ ሲመለስ፣ ድንች ሊገዛ ጎራ ባለበት ሱቅ ደጃፍ ላይ ይጠፋበታል። የዚያ አገር ቆራሌው ነው፣ ቆሻሻ መስሎት የወሰደው። ለአባት እንዳይነገር አባት ገንዘብ የለውም። ስለዚህ ወንድምና እህት አንዱን ሸራ ጫማ እየተቀባበሉ ይማራሉ። እሷ የጠዋት ፈረቃ ናት፤ ስትለቀቅ እየሮጠች ትመጣለች። እሱ ጥጉ ላይ ጠብቆ፣ ያወለቀችውን አጥልቆ፣ ወደ ከሰዓት ፈረቃው ይበርራል። በፈረቃ ለተማረ የአዲስ አበባ ልጅ ይሄን ማን ያስረዳዋል!

ይህን ፊልም ያየሁት ከእናቴ ጋር ነው። እናቴ እንግሊዝኛ አታነብም፤ ፋርስኛማ ጭራሽ። ከሥር የሚሮጠውን ጽሑፍ እየተረጎምኩላት ትንሽ እንደሄድን ‹‹ተወው፣ ገብቶኛል›› አለችኝ። ከዚያ በኋላ የተረጎምኩላት አንዲት ቦታ ብቻ ነች። አባትየው ለመስጊድ የሚቀርበውን ስኳር ቤቱ ቁጭ ብሎ ሲከሰክስ ልጁ ሻይ ታመጣለታለች። ‹‹ስኳሩስ?›› ይላታል። ያ ሁሉ ስኳር ፊትህ ተከምሮ የለም ወይ ብትለው፣ ይሄማ የመስጊድ ነው፣ የአደራ ነው ይላታል። የእኔ አባት ዕድሜውን ሙሉ የመንግሥት ንብረት ክፍል ቁልፍ ይዞ የኖረ ሰው ነበር። እናቴ ይሄን ስትሰማ ‹‹እኔስ እንዲህ ያለውን አግብቼ አይደል ደሃ የሆንኩት!›› ብላ ሳቀች። ስቃ ስቃ፣ የነጠላዋን ጫፍ ወደ ዓይኗ ወሰደችው።

እህትየው በኋላ ጫማዋን በሌላ ልጅ እግር ላይ ታየዋለች። ከወንድሟ ጋር ሆነው ልጅቷን ተከትለው እስከ ቤቷ ይሄዳሉ። አባቷ ዓይነ ስውር መሆኑን ሲያዩ፣ አንድም ቃል ሳይነጋገሩ ተመልሰው ይሄዳሉ። እኔ ስለ ድህነት ብዙ ስብሰባ ተቀምጫለሁ፤ እንደዚያ ዝምታ ያስረዳኝ የለም። መጨረሻ ላይ አሊ ሩጫ ይወዳደራል። ሦስተኛ ለወጣ የሚሰጠው ሽልማት ሸራ ጫማ ስለሆነ ሦስተኛ ለመውጣት ነው የሚሮጠው። አልሆነለትም፤ አንደኛ ወጣ። ሰው ሁሉ ይስመዋል፤ እሱ ያለቅሳል። ይህን ፊልም ጫማ ለሚያማርጡ ልጆች ወላጆች እጠቁማለሁ። ‹‹እየው፣ ተማርበት!›› እያላችሁ እንዳታበላሹት ብቻ። ዝም ብላችሁ አብራችሁ እዩ።

ሁለተኛው ‹‹ባይስክል ቲቭስ›› ነው፤ የብስክሌት ሌቦች። ጣሊያናዊው ቪቶሪዮ ዴ ሲካ ከጦርነቱ በኋላ፣ በ1948፣ ሮም ከተማ ውስጥ የሠራው ነው። በ1952 ‹‹ሳይት ኤንድ ሳውንድ›› የተባለው የእንግሊዝ መጽሔት የጠየቃቸው ሃያስያን ከዓለም ፊልሞች ሁሉ አንደኛ ብለው የመረጡት ይህንኑ ነበር። ታሪኩ ግን በአንድ ትንፋሽ ያልቃል። ሥራ አጥ የነበረ ሰው ግድግዳ ላይ ማስታወቂያ የመለጠፍ ሥራ ያገኛል፤ ብስክሌት ካለው ነው የሚቀጠረው። ብስክሌቱ መያዣ ሆኖ ተቀምጧል። ሚስቱ የአልጋ አንሶላዋን ገፋ አስይዛ ብስክሌቱን ታስወጣለታለች። በመጀመሪያው የሥራ ቀን፣ መሰላል ላይ ቆሞ የሆሊውዷን ቆንጆ የሪታ ሄይዎርዝን ፎቶ ሲለጥፍ፣ ብስክሌቱን ይሰርቁታል። ከዚያ በኋላ ከትንሽ ልጁ ጋር ከተማውን ሲያስስ ነው የምናየው። ፖሊስ ‹‹አቤቱታህን መዝግበናል›› ይለዋል። አበቃ።

ዴ ሲካ ለዋናው ገጸ ባሕርይ ታዋቂ ተዋናይ አልፈለገም። አንድ አሜሪካዊ ፕሮዲዩሰር ኬሪ ግራንት ከተወነበት ገንዘብ አወጣለሁ ብሎት ነበር፤ እሱ ግን ተዋናይ ያልሆነ አንድ የፋብሪካ ሠራተኛ መረጠ። ፊልሙን ስታዩ ምክንያቱ ይገባችኋል። ያ ሰው ሲራመድ ራሱ ሥራ ሲፈልግ የኖረ ሰው አረማመድ አለው።

ይህን ፊልም የምጠቁመው ‹‹ሌባ! ሌባ!›› ሲባል ከካፌ ወንበሩ ተነስቶ ለሚሮጥ ሰው ነው። ሰውዬው ተስፋ ሲቆርጥ መጨረሻ ላይ የሌላ ሰው ብስክሌት ይዞ ለማምለጥ ይሞክራል። ያን ጊዜ ከየት መጣ የማይባል ሕዝብ ግር ብሎ ይይዘዋል። የእሱ ብስክሌት ሲሰረቅ ግን ማንም አልያዘለትም ነበር! በጥፊ ሲመቱት፣ ባርኔጣው ሲወድቅ፣ ልጁ ያያል። የብስክሌቱ ባለቤት የልጁን ፊት ሲያይ ‹‹ልቀቁት›› ይላል። አባትና ልጅ በሕዝቡ መሐል ሲሄዱ፣ ልጅየው እጁን ወደ አባቱ እጅ ይሰዳል። ይህን አይቶ ‹‹ቢሆንም ሌባ ሌባ ነው!›› ብሎ ግማሽ ሌሊት የተከራከረኝ ወዳጅ አለኝ። ሐሳቡን አልለወጠም። ያንን ሁሉ ሰዓት ስለ አንድ ሌባ ማውራቱ ግን በራሱ ቀላል ነገር አልነበረም። ቀድሞ ቢሆን ‹‹ይገረፍ!›› ብሎ በአንድ ቃል ይዘጋው ነበር።

ሦስተኛው የቢሮ ነው። አኪራ ኩሮሳዋ በ1952 የሠራው ‹‹ኢኪሩ›› ይባላል፤ በጃፓንኛ ‹‹መኖር›› ማለት ነው። ዋታናቤ የሚባል የማዘጋጃ ቤት ክፍል ኃላፊ 30 ዓመት ሙሉ ወረቀት ላይ ማኅተም ሲመታ ኖሯል። ከሥራ አልቀረም፤ ሥራም አልሠራም። የሰፈር እናቶች ‹‹የሚሸተው የቆሻሻ ውኃ ይደፈንልንና ለልጆቻችን መጫወቻ ይሁን›› ብለው ይመጣሉ። ወደ ሌላ ክፍል ይላካሉ። ያ ወደ ሌላ፣ ሌላው ወደ ሌላ… ዞረው ዞረው መጀመሪያ የተነሱበት መስኮት ላይ ይደርሳሉ። ‹‹ነገ ተመለሱ›› የሚለው ነገር የእኛ ብቻ እንዳልሆነ ሳውቅ፣ አልዋሻችሁም፣ ትንሽ ደስ ብሎኛል።

ዋታናቤ የጨጓራ ካንሰር እንደያዘውና ጥቂት ወራት ብቻ እንደቀሩት ያውቃል። በመጠጥ ሊረሳው ይሞክራል፤ አልሆነም። በመጨረሻ ያችን የእናቶቹን ፋይል ከክምሩ ሥር ያወጣታል። ከዚህ በኋላ ያ ሰው ከየክፍሉ ኃላፊ በር ላይ እንደ ባለጉዳይ ይቆማል። ይሰድቡታል፣ ያንቋሽሹታል፣ አይሄድም። መጫወቻው ይሠራል። እሱም በረዶ እየወረደበት፣ ባሠራው ዥዋዥዌ ላይ ተቀምጦ ሲዘፍን ይታያል፤ ሌሊቱንም እዚያው ያርፋል።

ሌላ ሰው ቢሆን ፊልሙን እዚህ ላይ ይጨርሰው ነበር። ኩሮሳዋ ግን ወደ ለቅሶ ቤት ይወስደናል። የሥራ ባልደረቦቹ መጠጥ እየጠጡ፣ በመጀመሪያ ክብሩን ለአለቆች ይሰጣሉ፤ ሞቅ ሲላቸው እውነቱን ያወጣሉ፤ ሲሰክሩ ‹‹ከነገ ጀምሮ እኛም እንደ እሱ!›› ብለው እያለቀሱ ይምላሉ። በማግስቱ ባለጉዳይ ይመጣል። ወደ ሌላ ክፍል ይልኩታል። ስንት ለቅሶ ቤት ተቀምጠን ‹‹ሰው ከንቱ!›› ብለን ተነስተናል?

ይህን ፊልም ለአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ሰጥቼው ነበር። ከወራት በኋላ ሲመልስልኝ ‹‹በጣም ረጅም ነው›› አለኝ። ቀጥሎ ‹‹የጃፓን መሥሪያ ቤት ነው ያልከኝ? እርግጠኛ ነህ?›› አለኝ። በሌላ ቀን ለጉዳይ ቢሮው ጎራ ብል ጠረጴዛው ፊት ከዚህ በፊት ያልነበረች ወንበር አየሁ። ባለጉዳይ ቆሞ ነበር የሚያናግረው። አሠራሩ አልተለወጠም፤ ፋይል አሁንም ይጠፋል። ወንበሯ ግን እስከ ዛሬ አለች። ጥቁርና ነጭ የሚከብደው ሰው ካለ፣ በ2022 እንግሊዞች ‹‹ሊቪንግ›› ብለው ቢል ናይን አስተውነው እንደገና ሠርተውታል። እሱም ጥሩ ነው። መጀመሪያ የጃፓኑን እዩት እንጂ።

አሁን ወደ ዘጋቢ ፊልም ልሻገር። ዘጋቢ ፊልም ሲባል ብዙዎቻችን ትዝ የሚለን በቴሌቪዥን ከዜና በኋላ የሚመጣው፣ ሙዚቃው የሚያስደነግጥ፣ ተራኪው የሚቆጣ ነገር ነው። ጥፋተኛው ማን እንደሆነ ከመጀመሪያው ደቂቃ ያስታውቃል። ‹‹ዶክመንተሪ ላሳይህ›› ስለው የሚሸሸኝ ሰው ቢኖር አልፈርድበትም። የምላችሁ ሁለቱ ግን ሌላ ናቸው። አይቆጡም፤ ይጠይቃሉ።

አንዱ ፈረንሳዊቷ አኜስ ቫርዳ ከ70 ዓመቷ በኋላ፣ በ2000፣ ትንሽ ዲጂታል ካሜራ በእጇ ይዛ የሠራችው ነው። በእንግሊዝኛ ‹‹ዘ ግሊነርስ ኤንድ አይ›› ይሉታል። በአማርኛ ከእንግሊዝኛው ያማረ ቃል አለን፤ ቃራሚዎቹ እና እኔ። ከአጨዳ በኋላ የቀረውን የሚለቅሙ ሰዎችን ፍለጋ አገር ታቋርጣለች። አንድ ቦታ ድንች በመኪና ተጭኖ ሜዳ ላይ ሲደፋ ታሳየናለች። ተበላሽቶ አይደለም። አንዱ ከልክ በላይ ትልቅ፣ አንዱ ትንሽ፣ አንዱ ቅርጹ የማያምር ስለሆነ ነው። እሷ የልብ ቅርጽ ያላቸውን መርጣ ቤቷ ትወስዳለች። ከተማ ስትገባ ደግሞ ገበያ ሲበተን የወዳደቀውን አትክልት እዚያው እየለቀመ የሚበላ አንድ የተማረ ሰው ታገኛለች። ትከተለዋለች። ማታ ማታ፣ በሚኖርበት መጠለያ ውስጥ፣ ለአፍሪካውያን ስደተኞች ፈረንሳይኛ በነጻ ያስተምራል!

ቃርሚያን የሩትን ታሪክ ለሚያውቅ አገር ማስረዳት አያስፈልግም። እኛ ዘንድ ቃራሚው ወደ ከተማ ሲገባ ስሙ ይለወጣል እንጂ። በመጋቢት 2017፣ በእኛ 2009 ማለት ነው፣ አዲስ አበባ ውስጥ የቆሼ የቆሻሻ ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሲሞቱ፣ ያ ክምር የስንቱ መተዳደሪያ እንደነበር ብዙው የከተማ ሰው የሰማው ያን ዕለት ነበር። ቫርዳ የምታደርገው ከአደጋው በፊት ሄዶ ‹‹ስምህ ማነው? ዛሬ ምን አገኘህ?›› ብሎ መጠየቅን ነው። ይህን ፊልም የሰጠሁት አንድ ዘመዴ ግማሹ ላይ እንቅልፍ ወስዶት ‹‹ስለ ድንች ነው ያልከኝ?›› ብሎ መልሶልኛል። ይሁን። ሁሉም ኪኒን ለሁሉም አይሆንም።

የመጨረሻው የቺሊ ነው። ‹‹ኖስታልጂያ ፎር ዘ ላይት›› ይባላል፤ ፓትሪሲዮ ጉዝማን በ2010 የሠራው። አታካማ የሚባል፣ በዓለም ላይ እጅግ ደረቅ ከሚባሉት አንዱ የሆነ በረሃ አለ። አየሩ ጥርት ያለ ስለሆነ ታላላቅ ቴሌስኮፖች ተተክለውበታል። የሥነ ፈለክ ሊቃውንቱ ሰማይ ሰማዩን ያያሉ። እነሱ የሚያዩት ያለፈውን ነው፤ የፀሐይ ብርሃን እንኳ እኛ ጋ ለመድረስ 8 ደቂቃ ገደማ ይፈጅበታል፤ የከዋክብቱማ ስንት ዘመን! በዚያው በረሃ ላይ አካፋ የያዙ፣ ዕድሜያቸው የገፋ ሴቶች መሬት መሬቱን ያያሉ። ከ1973ቱ መፈንቅለ መንግሥት በኋላ የፒኖቼ አገዛዝ ወስዶ ያጠፋቸውን ባሎቻቸውንና ወንድሞቻቸውን አፅም ነው የሚፈልጉት። አንዷ የወንድሟን እግር አግኝታለች፤ ከነጫማው። ጉዝማን ራሱ በዚያ መፈንቅለ መንግሥት ጊዜ ስታዲየም ውስጥ ታስሮ የወጣ ሰው ነው። ግን አይጮህም። ሊቃውንቱንም ሴቶቹንም በእኩል ትዕግሥት ያዳምጣል። ሁለቱም ወገን ያለፈውን ፈላጊ ነው፤ ማታ እንቅልፍ የሚተኛው ግን አንደኛው ብቻ ነው።

ይህን ፊልም ለማን እንደምሰጥ ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ። በሰፈራችን በቀይ ሽብር ዘመን፣ በ1970 ዓ.ም.፣ ልጃቸው ከቤት ተወስዶ የቀረባቸው አንዲት እናት አሉ። አስከሬን አላገኙም። ለእሳቸው ፊልሙን አልሰጠሁም፤ እሳቸው የማያውቁት ነገር ፊልሙ ውስጥ የለም። የሰጠሁት ለልጅ ልጃቸው ነው። ወጣት ነው፣ ጎበዝ ነው፣ ስለ ጠፈር የተሠራ ነገር ሁሉ ይወዳል። ‹‹ስለ ከዋክብት ነው›› ብዬ ሰጠሁት፤ አልዋሸሁም።

ከሳምንት በኋላ መንገድ ላይ አገኘኝ። ስለ ፊልሙ ብዙም አላወራም። ‹‹አጎቴኮ ሒሳብ ጎበዝ ነበር አሉ›› አለኝ። አያቱን ጠይቋቸው ኖሯል። እሳቸውም ከሣጥን ውስጥ የትምህርት ቤት ካርዱን አውጥተው አሳይተውታል። ቅዳሜ ሁለቱ አብረው መስቀል አደባባይ አጠገብ ወዳለው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ሄዱ። ሙዚየሙ የተከፈተው ልክ ፊልሙ በወጣበት በ2010 ነው፤ በእኛ 2002። እሳቸው ከዚያ በፊት ገብተው አያውቁም ነበር። ‹‹ብቻዬን ምን ልሠራ እገባለሁ?›› ነው ያሉት አሉ።

እንግዲህ ‹‹አንድ ፊልም ጠቁመኝ›› ሲሉኝ የማልቸኩለው ለዚህ ነው። ‹‹ምርጥ አስር›› የሚባል ዝርዝር የለኝም። እናንተም ፊልም ወዳዶች ከሆናችሁ አምስቱን በአንድ ሳምንት አትጨርሷቸው፤ አንዱን እዩና ጥቂት ቀን አብራችሁት ክረሙ። ቋንቋው የሚያስቸግረው ሰው ቤታችሁ ካለ አጠገቡ ተቀምጣችሁ ተርጉሙለት። ‹‹ተወው፣ ገብቶኛል›› እስኪላችሁ ብቻ። ካያችሁት በኋላ ‹‹ወደድኩት›› ወይም ‹‹አልወደድኩትም›› ልትሉኝ አትድከሙ። ይልቅ ‹‹ይሄንንስ እከሌ ባየው›› ብላችሁ ያሰባችሁት ሰው ካለ፣ ዛሬውኑ ደውሉለት።